የደንበል ልክ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ አገሩ ይከፈታል። ደጋው ከኋላ ይቀራል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ግራሩ በየሜዳው ጥላውን ዘርግቶ ይቆማል፣ የቆቃ ውሃ ከሩቅ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዓለም ጤናን አልፈን መቂ ስንደርስ የቲማቲም ሣጥንና የሽንኩርት ጆንያ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋሉ። እኔ ግን ልቤ ቀድሞኝ ባቱ ገብቷል። ስምጥ ሸለቆን የወደደ ሰው በውሃው ነው የሚወደው፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ እያለ ስማቸውን ሲጠራ ብቻ ጥሙ የሚቆርጥለት ይመስለዋል። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን ዝዋይን ነው፤ የአገሬው ሰው ደንበል የሚለውን።

ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬም አንዱ ዝዋይ ሌላው ባቱ ይላታል፤ በአንድ የሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀባበሉ ይወራሉ። ከዋናው አስፋልት ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በባጃጅ ጥቂት የሄደ ሰው ድንገት ሐይቁ ፊቱ ላይ ይዘረጋለታል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ፣ ከ430 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ይዞ የተኛ ውሃ ነው፤ ወዲያ ማዶ የአርሲ ተራሮች በሰማያዊ ጭጋግ ተሸፍነው ይታያሉ። ሻላና አቢጃታ ጨዋማ ናቸው፤ ደንበል ግን ጣፋጭ ውሃ ነው፤ ሰው ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ እርሻ ይጠጣዋል። ጸጋውም ጭንቁም የሚመነጩት ከዚህ ነው።

እኛ ባሕር የሌለን ሕዝብ ነን። የጠረፍ አገሮች ዛሬ ባሕራችንን እየተጠቀምን፣ ዓሣውን እያሰገርን፣ ወደቡን እየሠራን፣ አየሩም በላያችን እየሞቀ፣ ባሕሩ እንዳይሞትብን ምን እናድርግ እያሉ ይጨነቃሉ። ዜናውን ስንሰማ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል። ደንበል ዳር ቆሞ አንድ ጠዋት ያሳለፈ ሰው ግን ጥያቄው ከነሙሉ ክብደቱ እዚህም እንዳለ ያያል። የኢትዮጵያ ዓሣ የሚመጣው ከሐይቆቿና ከወንዞቿ ነው፤ ባሕራችን እነሱ ናቸው።

ወደ ዓሣ ማውጫው መድረስ የሚገባው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩት ጀልባዎች በጎህ ብርሃን አንድ በአንድ ይጠጋሉ። ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ጀልባውን ይስባሉ፤ ሌሎች መረቡን ዘርግተው ዓሣውን ከየዓይኑ ይለቅማሉ። ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ፣ ከውጭ መጥቶ ሐይቁን የለመደው ካርፕም ለብቻ ይደረደራል። ከዳር ደግሞ አባ ኮዳዎች ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ፔሊካኖች ነጭ ገላቸውን ውሃው ላይ አንሳፍፈው እስከ ሰው እግር ይጠጋሉ። ቢላዋ የያዙ ወጣቶች ሥራቸውን በፍጥነት ይሠራሉ፦ ከጉንጩ ኋላ አንድ ጊዜ ይሰነጥቃሉ፣ ቢላዋውን በጀርባ አጥንቱ ላይ አንሸራትተው ሥጋውን ይገነጥላሉ፣ ቆዳውን በአንድ ስበት ይገፉታል። ፊሌቶው ሳህን ላይ ይወድቃል፤ የቀረው ለወፎቹ ይወረወራል። አባ ኮዳውና ፔሊካኑ ለአንድ አንጀት ሲጋፉ ማየት ብቻውን መንገዱን ያስረሳል። ቁርስ እዚያው ነው፦ ትኩስ የዓሣ ሾርባ፣ ከዳቦና ከሚጥሚጣ ጋር።

ዓሣው ከዚያ በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ወደ አዳማ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም፤ ገበያው ግን የራሱን መልስ ከሰጠ ቆይቷል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ መረቡም ይበዛል።

ከአስጋሪዎቹ መካከል ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መረብ ውስጥ ከተያዙት ቆሮሶዎች አንዷን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺን አየሃት፣ ልጄ? ጉሮሮዋን ተመልከት።»

ከአገጯ ሥር አብጣለች። በአውራ ጣታቸው አፏን ቀስ አድርገው ከፈቱት። ውስጡ ቢጫ እንቁላል ሞልቷል፤ እያንዳንዷ ፍሬ ከጤፍ የምትተልቅ፣ የምታብረቀርቅ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ አፏ ቤታቸው ነው። አደጋ ሲያዩ ተመልሰው እዚያው ይገባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷ በቅጡ አትበላም።

«ታዲያ ምን ያደርጓታል፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ምን አደርጋታለሁ! የከርሞ መረቤን በአፏ ይዛ!» አሉና ጎንበስ ብለው ውሃው ውስጥ ለቀቋት።

ከዚያ በኋላ የሐይቁን ዳር ያየሁት በሌላ ዓይን ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይደለም፤ ፀሐይ በምትገባበት፣ እስከ ወገብ እንኳ በማይደርሰው ዳርቻ፣ አሸዋውንና ደለሉን በአፉ እየዛቀ ነው። ጫጩቶቹም የሚያድጉት እዚያው፣ ደንገሉና ፊላው ሥር ነው። ጉማሬውም የሚውለው እዚያ፣ ወፉም የሚጥለው እዚያ። ሐይቁ በሕይወት የሚኖረው በዳሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያ ዳር ደግሞ ሁሉም የሚሻማበት ቦታ ነው። ከብቱ በዚያ ወርዶ ይጠጣል፣ ፓምፑ እዚያ ይተከላል፣ ሽንኩርቱ እስከ ውሃው ጫፍ ይተከላል፣ ዓይኑ የጠበበ ጎታች መረብም የሚሳበው በዚያው ነው። ጎታች መረብ ወለሉን እየጠረገ ሲሄድ ጎጆውንም፣ ሣሩንም፣ ጣት የማታክል ጫጩትንም ይዞ ይወጣል። ሽማግሌው ድሮ ከመረብ የሚወጣው ቆሮሶ መዳፋቸውን ሞልቶ ይተርፍ እንደነበር በእጃቸው አሳዩኝ፤ ቀጥለው ሁለት ጣታቸውን ጠጋ አድርገው የዛሬውን አሳዩኝ።

በማግስቱ ጀልባ ይዘን ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻገርን። ደንበልን የሚያውቅ ሰው ጠዋት ይሻገራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ውሃው ይናወጣል። ዳሩን ስንለቅ ጉማሬዎች ከደንገሉ ሥር ጆሯቸውን ብቻ አውጥተው አዩን፤ ዓሣ አዳኙ ንስር ከደረቀ ግራር ላይ ሆኖ ጮኸ። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ ከሁሉም ትልቋና ረጅሟ ናት። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ዘመን ታቦተ ጽዮን ወደዚህ ሸሽታ ሰባ ዓመት ያህል እንደቆየች በቃል ሲወርድ የመጣ ታሪክ አለ። በገደሉ አናት ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም የብራና መጻሕፍቷን ይዛ እስከ ዛሬ አለች። የደሴቶቹ ባለቤቶች ዛዮች ናቸው፦ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ፣ ቋንቋቸው ከስልጤና ከሐረሪ የሚዛመድ፣ ተዳፋቱን በእርከን የሚያርሱ፣ የሚሸምኑ፣ የሚያሰግሩ ሕዝብ። ብዙዎቹ ዛሬ በየብሱ ዳር ይኖራሉ፤ ደሴቶቹ ላይ የቀሩትም አሉ። ልጆቻቸው ገና ከሕፃንነታቸው ታንኳ ላይ ናቸው።

ወደ ገደሉ አናት የሚወስደው መንገድ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከላይ ሲደርሱ ግን ሐይቁ በሙሉ ከእግር ሥር ነው። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከአርሲ ተራሮች ወርዶ የሚገባው የቀታር ወንዝ፣ በስተ ሰሜን ምዕራብ ከጉራጌ ተራሮች ደለል ተሸክሞ የሚመጣው የመቂ ወንዝ፣ በስተ ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ አቢጃታ የሚያመራው ቡልቡላ አለ። ሁለት በር ያስገባል፣ አንድ በር ያስወጣል። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው በዚህ ሁሉ ስፋት ተማምኖ ማለቂያ የለውም ሊል ይችላል። ስንመለስ ግን ባለ ጀልባው ከዳር ብዙ ርቀን ሳለን ረጅሙን ዘንግ ወደ ውሃው ሰደደ፤ ወዲያው ጭቃ ነካ። የደንበል ጥልቀት በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ነው፤ እጅግ ጠለቀ የሚባለው ቦታ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ደንበል ግን በተራሮች መካከል የተቀመጠ ሰፊ፣ ስስ ውሃ ነው።

ስስነቱ የሒሳቡ ቁልፍ ነው። በዚህ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 700 ሚሊ ሜትር ግድም ሲሆን፣ ፀሐይና ነፋስ ከሐይቁ ገጽ የሚወስዱት ግን ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ጉድለቱን የሚሞሉት ቀታርና መቂ ናቸው። ሐይቁ ሙሉውን የያዘው ውሃ ከአንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ አየሩ በጥቂት በሞቀ ቁጥር ከሰፊው ገጽ የሚተነው ይጨምራል፤ ክረምቱ አንድ ወር በዘገየ ቁጥር ወንዞቹ ይሳሳሉ። የሞቀ ውሃ ደግሞ ለዓሣ የሚሆነውን ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከማሳ ታጥቦ ከሚገባው ማዳበሪያ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ አልጌ ይፈላበታል። አንድ ሜትር ውሃ ለሻላ ምንም ማለት አይደለም፤ ለደንበል ግን ከሕይወቱ ሲሶ የሚበልጥ ነው።

በጀልባ ስንመለስ ዳሩን ተከትለን ሄድን። የፓምፑ ድምፅ ከጉማሬው ትንፋሽ ቀድሞ ይሰማል፤ ጎማው ከሐይቁ ወጥቶ ሜዳ አቋርጦ ቲማቲሙ ውስጥ ይገባል። አርሶ አደሩ አያጠፋም፤ አዲስ አበባ የምትበላውን ሽንኩርት እያበቀለ ልጆቹን ያስተምራል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአበባ እርሻዎቹ ነጭ ላስቲክ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዚህ ዳርቻ የተተከሉት እርሻዎች ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ ይልካሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ባለ ደመወዝ አድርገዋል። የወይን እርሻውና ጠመቃውም በዚሁ ውሃ ዙሪያ ቆመዋል። ማታ የአበባ እርሻ ሠራተኞች በፈረቃ ሲወጡ ባቱ ትደምቃለች፦ ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ የቤት ኪራዩ በእነሱ ደመወዝ ይንቀሳቀሳል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «ውሃውን አትንኩ» ለማለት አንደበት የለውም። እኔም አልልም። የምለው ውሃው ልክ አለው ነው፤ ልኩም የሚታወቀው ሁሉም በየፊናው ሲወስድ ሳይሆን ተደምሮ ሲታይ ብቻ ነው።

ልኩ የታለፈ ውሃ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡልቡላን ተከትሎ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። አቢጃታ የቡልቡላና ከላንጋኖ የሚወርደው ሆራ ቀሎ ልጅ ነው፤ ከእነሱ በቀር የሚያጠግበው የለም። ከላይ ከወንዞቹና ከደንበል ለመስኖ ውሃ ሲቀዳ፣ ከራሱ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ሲሳብ፣ ባለፉት አምስት አሥርት ዓመታት የሐይቁ ስፋት ግማሽ ያህሉ ጠፋ። እኔ የደረስኩት የድሮው ዳርቻ ላይ ነበር፤ ውሃው ከዚያ ብዙ ርቆ ይታያል፤ መካከሉ ነጭ ሶዳ የበጣጠሰው ደረቅ መሬት ነው፤ ስረግጠው እንደ ቅርፊት ይሰባበራል። ውሃው ሲያንስ ጨዋማነቱ ባሰ፣ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ከአቢጃታ ነበር፤ ዓሣው ሲጠፋ ክንፋቸውን ወደ ደንበል አቀኑ። በጠዋት ባቱ ዳር ከአባ ኮዳ ጋር የሚጋፉት ያን የመሰሉ ስደተኞች ናቸው። ደንበልስ እንደ አቢጃታ ቢሆን ወዴት ይሄዳሉ? አስጋሪውስ? ሐሮማያን ለሚያስታውስ ሰው ጥያቄው ከባድ ነው፦ በምሥራቅ የነበረው ያ ዝነኛ ሐይቅ ለሐረር ውሃ፣ ለአትክልትና ለጫት ሲቀዳ ኖሮ በ1990ዎቹ ሙልጭ ብሎ ደረቀ። ውሃው ዘግይቶ ተመለሰ፤ መመለሱ ግን ዕድል ነው፣ ዋስትና አይደለም።

ተስፋዬን ያገኘሁት ዓለም ከሠራው ነው። አውስትራሊያ ታላቁን የኮራል ድንበሯን ለመጠበቅ ባሕሩን እንደ ከተማ ፕላን ከፋፈለችው፦ እዚህ ይሰገር፣ እዚህ መርከብ ይለፍ፣ እዚህ ምንም አይነካ። እ.ኤ.አ. በ2004 ምንም የማይሰገርበትን ክፍል ወደ ሲሶ ያህል ከፍ አደረገችው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል የተሰበሰቡ አገሮች በ2030 ከምድርም፣ ከባሕርም፣ ከየብስ ውሃም ሠላሳ በመቶውን ለመጠበቅ ተስማሙ። የየብስ ውሃ የሚለውን እንያዘው፤ ደንበል በዚህ ውስጥ አለ። እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ በባቱ ከተማ በኦሮሚያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ የአስጋሪዎች ማኅበራት አሉ። እንቁላል የያዘችን ቆሮሶ ማንም ሳያዝዘው የሚለቅ ሽማግሌም አለ።

ስለዚህ ለደንበል የምለምነው ቀላልና የሚቻል ነገር ነው። አንደኛ፣ ዳሩ ይለቀቅለት። በሐይቁ ዙሪያ ደንገሉና ፊላው የሚያድግበት፣ የማይታረስና ጎታች መረብ የማይነካው ቀበቶ ይከለል። ይህ ቀበቶ ለጫጩት ቤት ነው፣ የማሳ ደለልና ማዳበሪያ ማጣሪያ ነው፣ ለአየር ንብረትም መድን ነው። የአየሩ ለውጥ ሁልጊዜ ድርቅ ብቻ አያመጣም፤ በኬንያ በኩል ያሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ባሪንጎና ናይቫሻ ባለፉት ዓመታት ሞልተው ሰፈር አፈናቅለዋል። ዳሩ ባዶ ከተተወ ውሃው ሲጨምር የሚተኛበት አለው፣ ሲቀንስም የሚያጣው ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ የማርቢያው ወራት ይከበር፤ በየዓመቱ መረብ የማይጣልባቸው ሳምንታትና ቦታዎች ከአስጋሪዎቹ ጋር ይወሰኑ፤ ከእነሱ በላይ የሚያውቃቸው የለም። ሦስተኛ፣ ፓምፑ ሁሉ ይቆጠር፤ ትልቁ እርሻም ትንሹም አርሶ አደር የወሰደውን ልክ ይወቅ፤ ጠብታ መስኖ የሚችል ወደ ጠብታ ይግባ፤ የላይኛው ተፋሰስም፣ ቀታርና መቂ የሚነሡበት፣ በዚሁ ሒሳብ ይግባ። አራተኛ፣ በበጋም ቢሆን ወደ አቢጃታ የሚወርድ የቡልቡላ ድርሻ በሕግ ይቀመጥ። የዳሩ ቀበቶ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቆቃን ያስጨነቀው እምቦጭ የተባለ አረም በደንበልም ገብቷል፤ ማዳበሪያው በቀነሰ ቁጥር ለእሱ የሚሆነው ምግብም ይቀንሳል።

ይህን የሚጠይቅ ሰው ከሥራ ጋር ተጣልቶ አይደለም። አበባው፣ ሽንኩርቱ፣ ወይኑ፣ ዓሣው፣ ሆቴሉ ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ ጽዋ ነው፤ ጽዋው ሲጎድል ማንም ብቻውን አይጠግብም። ሐይቁን የሚያድነው ከተጠቃሚዎቹ አንዱ መባረሩ ሳይሆን ሐይቁ ራሱ፣ ከነዓሣው፣ ከነጉማሬውና ከነፔሊካኑ፣ ቀድሞ ድርሻ እንዳለው ተጠቃሚ በጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጡ ነው። እስካሁን ለሁሉም ቆርሰን የተረፈውን ለውሃው ሰጥተናል። አሁን ለውሃው አስቀድመን ቆርሰን የተረፈውን እንካፈል። ባቱ ይህን ለማድረግ ሕጉም፣ ዕውቀቱም፣ ሰዎቹም አሏት፤ የሚያስፈልጋት ውሳኔው ነው። ውሳኔውም ደንበል ገና ሰፊ፣ ገና ጣፋጭ፣ ገና ሕያው ሳለ ዛሬ መወሰን አለበት።